«እማዬ ሥራ የላትም»

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ በራችን ተንኳኳ። ታብሌት የያዘች ወጣት መረጃ ሰብሳቢ ነበረች። ስለ ቤተሰቡ የሥራ ሁኔታ ልትጠይቅ መምጣቷን ነገረችኝና ሳሎን አስገባኋት። ባለቤቴ ይሠራል፣ እኔም እሠራለሁ፣ ትልቋ ልጄ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ሁሉንም ፈጠን ፈጠን ብዬ መለስኩ።

«እናትዎስ? ባለፉት ሰባት ቀናት ለአንድ ሰዓት እንኳ ገቢ የሚያስገኝ ሥራ ሠርተዋል?»

«ኧረ እማዬ ሥራ የላትም፤ ቤት ነው የምትውለው» አልኩ ሳላስብ። ልጅቷም መዝግባ፣ አመስግና ወጣች።

እማዬ ወጥ ቤት ሆና ሁሉንም ሰምታለች። የሦስት ዓመቱን ልጄን በአንድ እጇ ከምጣዱ እያራቀች፣ ቀና ሳትል «ታዲያ ይሄን የሚጋግረው የማን እጅ ነው?» አለችኝ።

የምትጋግረው የእኛን እንጀራ ብቻ አልነበረም። በሳምንት ሁለቴ ለሁለት ጎረቤቶቻችን ትጋግራለች፤ በእንጀራው ቁጥር ይከፍሏታል። የእድሯን የምትከፍለው፣ ለልጆቼ ብስኩት የምትገዛው ከዚያ ነው። እኔ ግን እንደ ሥራ ቆጥሬው አላውቅም።

አፈርኩ። ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁና መረጃ ሰብሳቢዋን ከሁለት ቤት በኋላ ደረስኩባት። ተመልሳ እማዬን ራሷን ጠየቀቻት። «የምን አንድ ሰዓት ልጄ? ግማሽ ቀን እንጂ!» አለች እማዬ። መልሱ ታረመ።

ቡና እየጠጣን ልጅቷ ነገሩን አስረዳችኝ። በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት አቆጣጠር፣ 15 ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ ከሦስት ወገን በአንዱ ይመደባል። አንደኛው ሥራ ያለው ነው፤ በሳምንቱ ውስጥ ለክፍያ ወይም ለትርፍ አንድ ሰዓት እንኳ የሠራ እዚህ ይገባል። ሁለተኛው ሥራ ሳይኖረው የሚፈልግና ቢያገኝ ለመጀመር ዝግጁ የሆነ ነው። ሦስተኛው ከሁለቱም ውጭ ያለው ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተደምረው የሥራ ኃይል ይባላሉ። ለሥራ ከደረሰው ሕዝብ ውስጥ በመቶኛ ሲሰሉ ደግሞ የሥራ ኃይል ተሳትፎ ምጣኔ ይሆናሉ።

በእኛ ቤት 15 ዓመት የሞላን አራት ነን። በእኔ መልስ ተሳትፏችን 50 በመቶ ነበር፤ በእማዬ መልስ 75 በመቶ ሆነ። አንድ ቤት ውስጥ አንድ ቃል ይህን ያህል ከለወጠ፣ በየቤቱ ለእናትና ለሚስት ሌላ ሰው ሲመልስ የአገር ቁጥር ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት። የሥራ ዕድል ዕቅድ የሚወጣው፣ ለሴቶች ብድርና ሥልጠና የሚታሰበው በዚህ ቁጥር ነው።

መልሱ ከታረመም በኋላ ግን የሚቀር ነገር አለ። እማዬ ሥራ ያላት የተባለችው በጎረቤት እንጀራ እንጂ በእኛው አይደለም። ልጄን ከጠዋት እስከ ማታ መያዟም ምጣኔው ውስጥ አይገባም። ሞግዚት ቀጥሬ ቢሆን ያው ሥራ በሞግዚቷ ስም ይቆጠር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ጄኔቫ ላይ የተሰበሰቡት የዓለም የሥራ ስታትስቲክስ ባለሙያዎች ያለ ክፍያ ለቤተሰብ የሚሠራውም ሥራ መሆኑን ተቀብለዋል፤ ሆኖም ገቢ ከሚያስገኘው ተለይቶ ለብቻው እንዲለካ ነው የወሰኑት። በዚያው ዓመት በአገራችንም ሰው ቀኑን በምን እንደሚያሳልፍ የሚለካ የጊዜ አጠቃቀም ጥናት ተካሂዷል።

እኔን የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። ትንሹ ልጄ ሲወለድ ሥራ ልለቅ ነበር። ያልለቀቅኩት እማዬ «አንቺ ሂጂ፣ እኔ አለሁ» ስላለችኝ ነው። እኔ ከሠራተኞቹ ጋር የምቆጠረው በእሷ ጉልበት ነው፤ «ሥራ የላትም» ያልኩትም እኔው ነኝ።

ስለዚህ ወላጆች፣ ጠያቂ ሲመጣ ስለ እናታችሁ እናንተ አትመልሱ፤ ጥሯትና ራሷ ትናገር። እናንተም አያቶች፣ «እኔ እንኳ ምንም አልሠራም» አትበሉ። ከመመለሳችሁ በፊት ያለፉትን ሰባት ቀናት አንድ በአንድ ቁጠሩ።

እማዬ አሁን ሥራ ስሄድ በሩ ላይ ትሸኘኛለች። «በይ ሂጂ፤ እኔም ሥራ አለኝ» ትለኛለች እየሳቀች።