የጉበት በሽተኛም አንገት አለው

የጉበት ሕመምተኛ «ድካሙ አላስነሣ አለኝ» ሲል የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ «ጉበትህ ነው፥ ቻለው»። ይህ መልስ አይበቃም ባይ ነኝ። በ1989 እ.ኤ.አ. የታወቀው የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ ለዓመታት በሰውነት ውስጥ ሲቀመጥ የሚነካው ጉበትን ብቻ አይደለም። ሊያጠፋው የተነሣው የሰውነት መከላከያ ቁጣው ሳይበርድ ይኖርና፥ በአንዳንዱ ሰው፥ ይልቁንም በሴቶች፥ ወዳጅን ከጠላት መለየት ይሳነዋል፤ አንገት ላይ ያለችውንም የታይሮይድ እጢ ይወጋል። ይባስ ብሎ ቀድሞ ለዚሁ በሽታ ይሰጥ የነበረው ኢንተርፌሮን የተባለው መድኃኒት ራሱ እጢዋን ያስቆጣ ነበር፤ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ማለት ይኸው ነው።

እጢዋ ስትደክም ሰውየው ይዝላል፥ ይበርደዋል፥ ይከፋዋል። ይህም ከጉበቱ ድካም ጋር ስለሚመሳሰል የሚጠረጥር የለም። «የአርት ተማሪ ስለ እጢ ምን አገባው?» የሚለኝ አይጠፋም። ጉበትና አንገት የአንድ ሰው መሆናቸውን ለማወቅ ግን የሕክምና ፋኩልቲ መግባት አያሻም! አንዲት የደም ምርመራ ትለየዋለች። ዛሬ ቫይረሱን በ12 ሳምንት ኪኒን ከ100 ሰው ከ95 በላይ ከሚሆነው ላይ ማጥፋት ይቻላል፤ የተጎዳችው እጢ ግን ቫይረሱ ስለ ጠፋ ብቻ ትድናለች ማለት አይደለም። እንግዲህ ሐኪሞቻችን ኪኒኑ ከመጀመሩ በፊትም፥ ካለቀ በኋላም፥ ያችን ምርመራ ይዘዙልን።