አንዱ ያውርድ፣ መቶው ይማር

ባለፈው ክረምት ከደብረ ብርሃን ወጣ ብላ በምትገኝ ትንሽ ከተማ፣ እህቴ ቤት ሦስት ቀን ሰንብቼ ነበር። ልጇ ወደ 12ኛ ክፍል አልፋለች። ማታ ቡናው ሲፈላ ስልኳን ይዛ አጠገቤ ቁጭ አለችና «ጋሼ፣ ይኸው፣ ሁሉም ትምህርት ነው» አለችኝ። እውነትም ሠላሳ አራት የትምህርት ቻናል ውስጥ ገብታለች። ስልኳ ከመጨናነቁ የተነሣ ፎቶ እንኳ አላነሣ ብሏል።

አንድ በአንድ ከፈትነው። የ11ኛ ክፍል ፊዚክስ መጽሐፍ በአምስት ስም አምስት ጊዜ ወርዷል፤ ሦስቱ ሥርዓተ ትምህርቱ ከመለወጡ በፊት የነበረው አሮጌው መጽሐፍ ናቸው። የኬሚስትሪው ወርክሺት መልሱ «ሲ» ነው ይላል፤ ለምን «ሲ» እንደሆነ የሚያስረዳ አንድ መስመር የለውም። ከጥያቄዎቹ ሁለቱን ተቀምጠን ብንሠራቸው የተሰጠው መልስ ራሱ ስሕተት ሆኖ ተገኘ። አንዱ ቻናል ደግሞ የሚመጣው ማትሪክ ከወዲሁ በእጄ ነው፣ ገንዘብ ላኩ ይላል።

ይቺ ልጅ ሰነፍ አይደለችም። ያን ሁሉ ያወረደችው እናቷ ለደብተር ከምትሰጣት ላይ እየቆነጠረች ካርድ ሞልታ ነው። ኔትወርክ ፍለጋ ከቤታቸው ጀርባ ያለው ጉብታ ላይ ትወጣለች። የጎደላት መራጭ ነው፤ ይህ ይጠቅምሻል፣ ያን ተይው፣ ከዚህ ጀምሪ የሚላት ሰው። ይህን የምጽፈው ያ ሰው እኛ እንድንሆን ነው።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በየዓመቱ ሲነገር እንደነግጣለን፤ ሳምንት ሳይሞላ እንረሳዋለን። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ ሆነ። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ደግሞ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። መሻሻሉ ደስ ያሰኛል። ቢሆንም በ2017 እንኳ ከመቶ ልጆች ከዘጠና በላይ የሚሆኑት ግማሽ ሳያመጡ ቀርተዋል። እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ግን የ2015ቱ ሌላው ቁጥር ነው፤ በዚያ ዓመት 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አንድም! በ1,328 ትምህርት ቤቶች ውስጥ አንድ ጎበዝ ልጅ ጠፍቶ ነው ብሎ የሚያምን ማን ነው? ገጠር ያስተማረ ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል። ቤተ ሙከራ ሳያዩ ኬሚስትሪ ይማራሉ፤ የፊዚክስ መምህር መንፈቅ ሙሉ ሳይመደብ ይቀራል፤ አንድ መጽሐፍ ለስንት ልጅ በተራ ይዞራል።

ትምህርት ቤቱ ራሱ ሲዘጋ የሚሆነውንም አይተናል። ኮሮና አገራችን መግባቱ በታወቀ በሦስተኛው ቀን፣ መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ለአንደኛ ደረጃ በሬዲዮ፣ ለሁለተኛ ደረጃ በቴሌቪዥን ትምህርት ይተላለፍ ጀመር። ቴሌቪዥን ያለው ተከታተለ፤ መብራት የሌለው ከብት ጠበቀ። ትግራይ ውስጥ በዚያ ወር የተዘጋው በር ጦርነት ተጨምሮበት ሦስት ዓመት ገደማ ሳይከፈት ቆየ። በአማራ ክልል ከ2015 ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ ብዙ ልጅም ከትምህርት ገበታ ርቋል። ስለዚህ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የርቀት ትምህርት ስናስብ ነገ ኔትወርክ ይኖራል ብለን መነሣት አንችልም። ኔትወርክ ባለበት ቀን ወርዶ፣ ኔትወርክ በሌለበት ቀን የሚከፈት ነገር ያስፈልገናል።

እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ሞልቷል፤ በነፃ።

በእኔና ከእኔ በኋላ በመጡት ዕድሜ የተማሩ ፕላዝማን አይረሱትም። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በየሁለተኛ ደረጃው ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ በሳተላይት ያስተምር የነበረውን ማለቴ ነው። የፕላዝማው መምህር አይጠብቅም ነበር። ጥያቄ ጽፎ ጥቂት ሰከንድ ይሰጥና ያልፋል፤ እኛ ገና ጥያቄውን እየገለበጥን ነው። መብራት ከጠፋ ያ ምዕራፍ እስከ ወዲያኛው ሄደ። ዛሬ ስልክ ላይ የሚቀመጠው መምህር ግን ይጠብቃል። አቁም ሲሉት ይቆማል፣ ድገም ሲሉት ሰባት ጊዜም ይደግማል። ልጆቻችን እኛ ያላገኘነውን ትዕግሥተኛ መምህር በኪሳቸው ሊይዙ ይችላሉ፤ የሚያቀብላቸው ከተገኘ።

የቱ ነው የሚረባው? መሠረቱ የትምህርት ሚኒስቴር አዲሱ መማሪያ መጽሐፍ ነው። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያሉት መጻሕፍት በፒዲኤፍ አሉ፤ ሁሉም ተደምረው አንድ ተራ ሚሞሪ ላይ ገብተው ቦታ ይተርፋል። የመጀመሪያ ገጾቹ ላይ የታተመበት ዓመት አለ፤ አዲሱን ከአሮጌው የሚለየው እሱ ነው። ሌላው ሁሉ የሚመረጠው ይህን መጽሐፍ እንዲያግዝ ነው። መጽሐፉን ትቶ ቪዲዮ ብቻ የሚያሳድድ ተማሪ ብዙ ያያል፣ ጥቂት ይይዛል።

ለሒሳብ ካን አካዳሚን የሚያህል አላየሁም። ከመደመር እስከ ካልኩለስ በደረጃ ይወስዳል፤ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂም አለው። አጀማመሩን ልንገራችሁ፣ ለጥሪዬ ይጠቅመኛልና። እ.ኤ.አ. በ2004 ሳልማን ካን የሚባል በቦስተን የሚኖር ወጣት፣ ኒው ኦርሊንስ ላለች ናዲያ ለተባለች ትንሽ ዘመዱ ሒሳብ ማስረዳት ጀመረ፤ በስልክ፣ ከሥራ ሲወጣ። ሌሎች ዘመዶቹም እኛንስ አሉት። ለሁሉም መድረስ ሲያቅተው ቪዲዮ እየቀዳ ኢንተርኔት ላይ ያስቀምጥ ጀመር፤ በ2008 ድርጅት ሆነ። ዛሬ ዓለም የሚማርበት ቤት የተጀመረው አንድ ሰው ሩቅ ላለች አንዲት የዘመድ ልጅ ጊዜ በመስጠቱ ነው። ከእኛ ውስጥ ሩቅ አገር ሆኖ ሒሳብ የሚያውቅ ዘመድ የሌለው ቤት ስንት ነው?

ቤተ ሙከራ ለሌለው ትምህርት ቤት ደግሞ ፌት የሚባለው አለ። የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2001 የፊዚክስ ኖቤል የተሸለመው ካርል ዊማን ነው፤ በ2002 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ። ተማሪው ስልኩ ላይ በጣቱ ሽቦና ባትሪ እያገጣጠመ አምፑል ያበራል፣ አሲድ በውኃ እያቀጠነ ፒኤች ሲለዋወጥ ያያል፣ መድፍ እያዘነበለ ጥይቱ የት እንደሚያርፍ ይለካል። እያንዳንዱ ጥቂት ሜጋባይት ነው፤ አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የኤሌክትሪኩን ለእህቴ ልጅ ስከፍትላት ከዚያ ቀን በፊት የኤሌክትሪክ ሰርኪት በሥዕል እንጂ ሲሠራ አይታ እንደማታውቅ ነገረችኝ። ያን ሌሊት እስከ ስድስት ሰዓት አልተኛችም።

የቀሩትን ባጭሩ ልጥቀሳቸው። ኪዊክስ ዊኪፔዲያን ስልክ ላይ አውርዶ ያለ ኔትወርክ ያስነብባል። ኦፕንስታክስ የራይስ ዩኒቨርሲቲ ነፃ መጻሕፍት ነው፤ ከተማሪው ይልቅ ለመምህሩ ይጠቅማል። ኮሊብሪ ደግሞ አንድ ኮምፒዩተር ላይ ከተጫነ በክፍሉ ውስጥ ላሉ ስልኮች ሁሉ ያለ ኢንተርኔት፣ በዋይፋይ ብቻ ትምህርቱን ያከፋፍላል። አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ያለው ትምህርት ቤት ይህን ነገ መጀመር ይችላል።

ያለፉ ዓመታት ማትሪክ ጥያቄዎችም ያስፈልጋሉ። ነገር ግን መልስ ብቻ ያለውን ጣሉት። አሠራሩን ደረጃ በደረጃ የማያሳይ ወርክሺት ልጁን መሸምደድ እንጂ ሌላ አያስተምረውም። የሚመጣውን ፈተና እሸጣለሁ የሚል ቻናል ውስጥ ያለ ልጅ ካላችሁ ዛሬውኑ አስወጡት፤ ገንዘቡንም ሰዓቱንም ይበሉታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በእህቴ ከተማ አደባባዩ ጥግ ላይ አንድ ሞባይል ቤት አለ። በገበያ ቀን ከየገጠሩ የመጡ ወጣቶች ሚሞሪ ይዘው ይሰለፋሉ፤ ልጁ ዘፈን ይጭንላቸዋል፣ ፊልም ይጭንላቸዋል፣ በጥቂት ብር። ከዚያ ሚሞሪ የተጫነው ዘፈን መኪና ወደማይደርስበት ቀበሌ ይሄድና በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ አገር ያዳርሳል። ይህን ያህል የሠመረ ማከፋፈያ መንገድ አለን። በዚያው መንገድ አልጀብራ እንዳይሄድ ማን ከለከለ? ለዚያ ልጅ «9–12» የሚል አንድ ፎልደር ኮምፒዩተሩ ላይ እንዲያስቀምጥ ለመንኩት፤ ዘፈን ለሚያስጭን ተማሪ ሁሉ ትምህርቱን በነፃ እንዲጨምርለት። «ይሄማ ምን ችግር አለው» ብሎ ተቀበለኝ። አልዘገየም፤ እፊቴ ከፈተው።

የኔ ጥሪ ይኸው ነው። በየከተማችን ያለ ሞባይል ቤት ሁሉ እንዲህ ያለ ፎልደር ይኑረው። ፎልደሩ ውስጥ የሚገባው በሚያውቅ ሰው ተመርጦ ይግባ።

መራጮቹ እናንተ መምህራን ናችሁ። ከየምዕራፉ የትኛው ቪዲዮ ከመጽሐፉ ጋር እንደሚገጥም ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። አንድ የሒሳብ፣ አንድ የፊዚክስ፣ አንድ የእንግሊዝኛ መምህር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቢቀመጡ የ12ኛን አንድ መንፈቅ ይለያሉ። ሌላም አለ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው፤ የነፃ ቪዲዮዎቹም አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ ናቸው፤ ብዙ ልጅ የሚወድቀው ፊዚክሱ ሳይሆን እንግሊዝኛው ጠልፎት ነው። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ፣ ልጁ በሚሰማው ቋንቋ፣ የአምስት ደቂቃ ድምፅ ቅዱለት። «ሞመንተም ማለት ይህ ነው፣ ቀመሩ እንዲህ ይነበባል» በሉት። የድምፅ መልእክት የሚበላው ዳታ ኢምንት ነው፤ ለሚሰማው ልጅ ግን የመማሪያ መጽሐፉን በር ይከፍትለታል።

ዩኒቨርሲቲ የገባችሁ፣ እናንተ ፈተናው ገና ከአእምሯችሁ አልወጣም። የግቢያችሁ ዋይፋይ በእጃችሁ ነው። ለእረፍት ወደ ቤተሰብ ስትመለሱ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፤ አንድ ፍላሽ ሙሉ ይዛችሁ ሂዱ። ለተማራችሁበት ትምህርት ቤት ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ የላችሁም። አዲስ አበባ ያላችሁ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለላችሁ፤ እዚያ ተቀምጣችሁ ለራሳችሁ የምታጠኑትን ገጠር ላለው የአክስታችሁ ልጅም አስቀምጡ።

በአሜሪካ፣ በእስራኤል፣ በአውሮፓ፣ በዐረብ አገር ያላችሁ ወገኖቼ፣ ለታናናሾቻችሁ ስልክ እንደምትልኩ አውቃለሁ። በእኛ አገር ጎረቤት ምግብ የላከችበትን ሳህን ባዶ መመለስ ነውር ነው። ስልኩንም ባዶውን አትላኩት። ያልተቋረጠ ኢንተርኔት እጃችሁ ላይ ነውና አንድ ሌሊት አውርዱበት፣ ከዚያ ላኩት። ሒሳብ የምትችሉ ደግሞ ከካን አጀማመር የሚከብድ ነገር አልተጠየቃችሁም። አንዲት ልጅ፣ በሳምንት አንድ ሰዓት፣ በስልክ።

እድሮች፣ የአካባቢ ማኅበሮች፣ የሰንበት ትምህርት ቤትና የመስጊድ ወጣቶች፣ ድንኳንና ወንበር የምታከራዩ ሁሉ አንድ ላፕቶፕና አምስት ሚሞሪ አያቅታችሁም። ካን አካዳሚ፣ ፌት፣ ኪዊክስ፣ ኦፕንስታክስና ኮሊብሪ ለትምህርት በነፃ እንዲዳረሱ የተዘጋጁ ናቸው። ብቻ አትሽጧቸው።

ተማሪዎች ሆይ፣ እናንተን ደግሞ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ሠላሳ አራቱን ቻናል ዝጉና አንድ ምዕራፍ ክፈቱ። ያወረዳችሁትን ለክፍል ጓደኛችሁ ሳትሰስቱ ስጡ። ያልገባችሁን ጥያቄ ቁጥሩን ጽፋችሁ ያዙ፤ መምህር ወይ ታላቅ ወንድም ስታገኙ «ፊዚክስ አይገባኝም» አትበሉት፣ «ምዕራፍ ሦስት ጥያቄ አሥራ አንድ ላይ ቆሜያለሁ» በሉት። ያን ጊዜ ሊረዳችሁ ይችላል።

የእህቴ ልጅ ሚሞሪ አሁን ስድስት ፎልደር ብቻ አለው። ባለፈው ሳምንት ደውላልኝ ነበር። የክፍሏ ልጆች አሥራ ዘጠኝ ሆነው ገልብጠውታል፤ ሁለቱ አሁን ትምህርት ያቋረጡ ናቸው፣ እቤታቸው ሆነው ነው የሚያጠኑት። የባዮሎጂው ቦታ ግን ገና ባዶ ነው፤ እኔ ባዮሎጂ አላውቅም። የምታውቁ እባካችሁ በአካባቢያችሁ ካለው ሞባይል ቤት ጀምሩ።