የጤፍ ብረት ምስክሩ ማን ነው?

ጤፍ ብረት እንደሚበዛበት የማይናገር ሰው በዛሬው ጊዜ ማግኘት ያስቸግራል፤ ቁጥሩን ግን ማን እንደ መረመረው፣ በየትኛው ዘመንና ከየትኛው አውድማ በመጣ እህል እንደ ተገኘ የሚያስረዳ እጅግ ጥቂት ነው። ይልቁንም የሚያሳዝነው ምስክሩ በቅርብ መኖሩ ነው፤ ከእንጦጦ ራጉኤል ቁልቁል፣ ተራራው ወደ ከተማው በሚወርድበት በጉለሌ፣ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1962 በስዊድንና በኢትዮጵያ ትብብር የሕፃናት ምግብ ጥናት ክፍል ሆኖ የተመሠረተው፣ በኋላም የሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የተባለው ተቋም፣ ፋፋ የተባለውን የሕፃናት ምግብ ለአገሩ ከማበርከቱም በላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1968 ኦግሬንና ጊብሰን ያዘጋጁትን የኢትዮጵያ ምግቦች ይዘት ሠንጠረዥ ያወጣ ሲሆን፣ አደራው ዛሬ ለኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩቱ ተላልፏል።

ጤፍ በመሬት ላይ በተሰናዳ አውድማ በበሬ እግር ሲወቃ ብረት ያለበት አፈር ከደቃቁ ፍሬ ጋር ይዋሐዳልና፣ እ.ኤ.አ. በ1980 በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት የወጣው ጥናት፣ ከአፈሩ የጠራ ጤፍ ብረቱ ሲነገርለት ከኖረው እጅግ ያነሰ መሆኑን ገለጠ። ከአፈር የመጣው ብረት ለሰውነት ምን ያህል ይጠቅማል የሚለው ደግሞ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። እንግዲህ ደሟ ያነሰ ነፍሰ ጡር እንጀራዋን ታምና እንድትቀመጥ የሚመክር ጸሐፊ፣ የትኛውን ቁጥር እንደ ያዘ ሳያውቅ ስለ ሰው ሕይወት ይናገራል ማለት ነው። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት አንድ ቃል ሲያጠራጥራቸው ቅጂውን ከቅጂ አስተያይተው ወደ አብነቱ እንደሚመለሱ፣ የምግብ ተመራማሪም ከጠቃሹ ጽሑፍ ወደ ተጠቀሰው፣ ከተጠቀሰውም መጀመሪያ ወደ ተመረመረው እህል መውጣት ይገባዋል።

ሕዝቡ ምን እንደሚበላ በሚጠይቅ ጥናት ደግሞ ጾሙን መዘንጋት አይገባም። ከራጉኤል ምእመናን አንዷን እናት ትናንት ምን በላሽ ብሎ የሚጠይቅ መርማሪ፣ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ውስጥና በበዓለ ሃምሳ የሚያገኘው መልስ ከቶ አንድ አይሆንም፤ ስለዚህ ወሩን የማይገልጥ ጥናት፣ በማንም ሊቅ ስም ቢታተም፣ ስለ አማኙ ሕዝብ አመጋገብ ለመመስከር አይበቃም ብዬ አምናለሁ።

የዩኒቨርሲቲ መምህራን የሠንጠረዡን ዓመትና የእህሉን አያያዝ ሳይጠቅስ ቁጥር የሚገለብጥ የመመረቂያ ጽሑፍ ሲቀርብላቸው ለተማሪው ይመልሱለት፤ ኢንስቲትዩቱም የቀድሞዎቹን ሠንጠረዦች ከነመቅድማቸውና ከነምርመራ ስልታቸው፣ በጅማም ሆነ በጎንደር ያለ ተማሪ አዲስ አበባ ድረስ ሳይመጣ እንዲያነባቸው፣ ያለ ክፍያ ያቅርብ።