«ፍርፋሪ» የተባለው ነሐስ

በአውሮፓና በአሜሪካ የጥንት ገንዘብ ገበያ አንድ ልማድ ከሰፈነ ቆይቷል። የወርቅ መሐለቅ በነጠላ፣ በከፋይ ጨርቅ ላይ ተኝቶ፣ የባለቤቶቹ ሐረግ ተቆጥሮለት ይሸጣል። በአራተኛውና በአምስተኛው መቶ ዓመት የሮማ መንግሥት ያስመታው ጥቃቅን ነሐስ ግን አፈር እንደለበሰ፣ በመቶና በሺህ ተቆጥሮ፣ አንዳንዴም እንደ ሽምብራ በሚዛን ተሰፍሮ ይወጣል። ገዢው ከረጢቱን ቤቱ ወስዶ በወይራ ዘይት ይዘፈዝፈዋል፤ ይፍቀዋል፤ የንጉሥ ፊት የወጣለትን ያስቀራል፤ ያልወጣለትን ይጥላል ወይም ለሌላ ያሻግራል። የዚህ ንግድ ጠበቆች የሚያቀርቡት መከላከያ የታወቀ ነው። ይህ ፍርፋሪ ነው፤ በሚሊዮን የሚቆጠር አለ፤ ሙዚየሞች ቦታ የላቸውም፤ እንዲያውም ሰብሳቢው ከማረሻ ጥርስና ከዝገት አተረፈው ይላሉ።

ነገሩን ከሥሩ መመርመር ያሻል። በዓመተ ሰማዕታት ስሙ የሚነሣው ዲዮቅልጥያኖስ በ294 ገደማ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የገንዘብ ማሻሻያ ሲያውጅ ያወጣው ነሐስ 10 ግራም ያህል ይመዝን ነበር፤ ጥቂት ብርም ነበረበት። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሳይሞላ የዚያው ነሐስ ክብደት ከ2 ግራም በታች ወረደ። በ348 የቆስጠንጢኖስ ልጆች አዲስና ከበድ ያለ ነሐስ አወጡ። ብዙ ሳይቆይ እርሱም እየከሳ ሄደ። በአራተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አንዱ መሐለቅ 1 ግራም ገደማ ሆነ፤ በአምስተኛው መቶ ዓመት ከዚያም አንሶ፣ ከምስር ፍሬ ብዙም የማይበልጥ፣ ጽሑፉ ከጠርዙ ውጪ የቀረ ቁራጭ ብረት ሆነ።

በዚያው ዘመን ግን ወርቁ አልከሳም። ቆስጠንጢኖስ ያቆመው የወርቅ መሐለቅ፣ ከአንድ የሮማ ሊብራ 72 የሚወጣለት፣ 4.5 ግራም ያህል የሚመዝነው፣ ለብዙ መቶ ዓመታት ክብደቱን እንደጠበቀ ኖረ። የዘመኑ የመደብ ግንኙነት በሁለቱ ብረቶች ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ርስተኛውና ሹሙ ሀብታቸውን በወርቅ ያከማቻሉ፤ ግብሩም ወርቅ ይጠይቃል። አትክልት ሻጩ፣ ሸክላ ሠሪው፣ ቀን ሠራተኛው የሚያገኘው ግን ነሐስ ነው፤ ያንን ነሐስ ይዞ ከገንዘብ ለዋጩ ደጅ ይቆማል። በ445 ቫለንቲኒያኖስ ሣልሳዊ ያወጣው ሕግ ከለዋጭ በ7,200 ጥቃቅን ነሐስ የተገዛ ወርቅ ከ7,000 ባነሰ እንዳይሸጥ ያዝዛል። አንዲት ወርቅ ለመያዝ ሰባት ሺህ ቁራጭ መልቀም! ስሙ ያልታወቀ አንድ የአራተኛው መቶ ዓመት ጸሐፊ ለነገሥታቱ ባቀረበው ጽሑፍ፣ ከቆስጠንጢኖስ ወዲህ ወርቅ በነሐስ ቦታ መግባቱ የባለጠጎችን ቤት ሞልቶ ድኻውን ለጭቆና ዳርጓል ሲል ከስሷል። ይህን ለማየት ዘመናዊ ትንታኔ አላስፈለገውም፤ ገበያ ወጥቶ መመለስ ይበቃ ነበር።

በነሐሶቹ ላይ የተቀረጸውስ ምንድነው? በ348 የወጣው መሐለቅ የደስታ ዘመን መመለስን ያውጃል፤ ሥዕሉ ግን ከፈረሱ የወደቀ ጠላትን በጦር የሚወጋ ወታደር ነው። አዋጁ እየተደጋገመ ሲታተም ብረቱ በየጊዜው ይቀንሳል። በመቶ ዓመቱ መጨረሻ የወጣው ደግሞ የመንግሥቱን ደኅንነት ያበሥራል፤ በዚህችው የጥፍር ስፋት በማትሞላ ቁራጭ ላይ ክንፍ ያላት የድል አምላክ ምርኮኛ ትጎትታለች። ለቲያትር ሰው ከዚህ የበለጠ ምፀት የት ይገኛል? የቤተ መንግሥቱ ድምፅና የሕዝቡ ረኃብ በአንድ ብረት ሁለት ገጽ ላይ ታትመዋል። ወርቁ ይህን አይናገርም፤ ወርቁ ጠግቦ ነበርና።

እንግዲህ «ፍርፋሪ» የሚለው ስም የተወረሰው ከዚያው ከሮማ ባለጠጋ አፍ ነው። የዛሬው ነጋዴ ያደረገው ያንኑ ንቀት የዋጋ ዝርዝር ማድረግ ብቻ ነው።

ብዛታቸው ዋጋ ያሳጣቸዋል ለሚሉት የቅፍርናሆም ምኩራብ መልስ ይሰጣል። በገሊላ ባሕር ዳር የቆመውን ይህን ነጭ የድንጋይ ሕንፃ በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የመረመሩት የጀርመን ሊቃውንት ከአምዶቹና ከቅርጻ ቅርጹ ተነሥተው በ200 ዓ.ም. አካባቢ የተሠራ ነው ብለው ነበር፤ አስተያየታቸውም ለብዙ ዓመታት ጸንቶ ኖረ። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፍራንሲስካውያኑ ኮርቦና ሎፍሬዳ የወለሉን ድንጋይ አንሥተው ከሥሩ ሲቆፍሩ ከ20 ሺህ የሚበልጡ መሐለቆች ወጡ፤ አብዛኞቹም እነዚሁ የተናቁት ጥቃቅን ነሐሶች ናቸው። በወለሉ ሥር፣ በኖራው ተዘግተው የተገኙት የአራተኛው መቶ ዓመት መጨረሻና የአምስተኛው መሐለቆች ሕንፃው የቆመው ሁለት መቶ ዓመት ያህል ዘግይቶ መሆኑን አመለከቱ። ክርክሩ እስከ ዛሬ ጨርሶ ባይዘጋም ማንም ሊቅ ነሐሶቹን አልፎ መናገር አልቻለም። አንዱ ቁራጭ ለብቻው በገበያ ላይ የሻይ ዋጋ አያወጣም። በቦታው፣ ከወለሉ ሥር፣ ከጓደኞቹ ጋር ሳለ ግን የአንድን አገር የሕንፃ ታሪክ አናወጠ። ያን ጉድጓድ መጀመሪያ የከፈተው የከረጢት ነጋዴ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሃያ ሺህ የተፋቀ ነሐስና አንድ የተሳሳተ ዘመን በእጅ ይኖር ነበር።

አተረፍነው የሚለው ክርክርም ከዚህ ላይ ይወድቃል። ከማረሻው ያተረፉት ብረቱን ነው፤ ቃሉን ግን ገድለውታል። የት ተገኘ? ከምን ጋር? በስንት ጥልቀት? ከረጢቱ ይህን አይመልስም፤ የቆፈረው ሰው እንዲመልስ አይፈለግም፤ የሸጠውም ቢያውቅ አይናገርም። ጽዳቱም ቢሆን ማዳን አይደለም። ዘይቱ በቀስታ ይበላል፤ በኤሌክትሪክ ኃይል የሚደረገው ማጠብ ደግሞ አረንጓዴውን ሽፋን ከነጽሑፉ ይገፍፋል፤ የቀረው ፊት የሌለው ቀይ መዳብ ነው።

ሰብሳቢን ሁሉ በአንድ ጅራፍ መግረፍ ግን ፍትሕ አይሆንም። ብርሃኑ እስኪደክም አጉሊ መነጽር ላይ ጎንበስ ብለው፣ የማምረቻ ከተማውን ምልክት ፊደል በፊደል ያነበቡ፣ የመዘኑ፣ የመዘገቡ ሰዎች አሉ። በ1960 የወጣውና ሂል፣ ኬንትና ካርሰን ያዘጋጁት የኋለኛው ዘመን የሮማ ነሐስ መመሪያ ቀጭን መጽሐፍ ነው፤ ሆኖም ለዚህ የተናቀ ገንዘብ ሥርዓት አበጀለት። በብሪታንያም ከ1997 ወዲህ በሜዳ ላይ ዕቃ የሚያገኝ ማንም ሰው ፈቅዶ የሚያስመዘግብበት ድርጅት ቆሞ እጅግ ብዙ የሮማ ነሐስ ከነተገኘበት ቦታ ተመዝግቧል። የዚያው አገር ሕግ ግን ልማዱን አልለቀቀም፤ ከአንድ ቦታ የወጣ ገንዘብ የአገር ሀብት ተብሎ ለመቆጠር ወርቅ ወይም ብር ከሆነ ሁለት ይበቃል፣ ነሐስ ከሆነ አሥር መሙላት አለበት። ሕግ አውጪውም በባለጠጋው ሚዛን መዘነ። በሌላ በኩል የአሜሪካ መንግሥት በ2007 ከቆጵሮስ፣ በ2014 ከቡልጋሪያ የሚወጡ ጥንታዊ መሐለቆች ያለ ማስረጃ እንዳይገቡ ሲከለክል ገንዘብ ነጋዴዎቹ ጮኹ። የጮኹት ለዕውቀት ነፃነት ነው ይባላል። ዕውቀት መቼ ነው በኪሎ የተሰፈረው?

ጉዳዩ የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። አክሱም ከሦስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ወርቅ፣ ብርና ነሐስ አስመትታለች። ወርቁ ለውጭ ንግድ ነበርና በአብዛኛው በግሪክኛ ተጽፎ ባሕር ተሻገረ፤ በየመን አል መድሃሪባ ከተቀበረ የወርቅ ድልብ ውስጥ ብዙ የአክሱም መሐለቅ መገኘቱ የታወቀ ነው። ግዕዙ የገባው በብሩና በነሐሱ ላይ ነው። በአንዱ ነሐስ ላይ በግሪክኛ «ይህ አገርን ደስ ያሰኝ» የሚል ምኞት ተቀርጿል፤ በሌላው በግዕዝ «በዝ መስቀል ትመውእ» ይነበባል፤ በንጉሥ አርማህ ነሐስ ላይ «ፍሥሓ ለይኩን ለአሕዛብ» ተጽፏል። ሮማ በነሐሷ ላይ ምርኮኛ ስትጎትት አክሱም በነሐሷ ሕዝቡን አነጋገረች። በአንዳንዱ ላይ እንዲያውም በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወርቅ ተለብጧል፤ ወርቅ ወደ ድኻው ገንዘብ የወረደበት ያልተለመደ የጥበብ ሥራ ነው።

እነዚህ ነሐሶች በግብፅና በፍልስጥኤም ምድር፣ በኢየሩሳሌምም ጭምር ተገኝተዋል። በነጋዴ ወይም በተሳላሚ ከረጢት ሄደው ከሮማ ጥቃቅን ነሐስ ጋር በአንድ ገበያ ዋሉ። ከዚያ አገር የወጣ ያልተለየ ከረጢት ተዘፍዝፎ ሲፈተግ የግዕዝ ፊደል የማያውቅ ሰው ምን ያደርገዋል? የማይነበብ ብሎ ወደ መጣያው ይጨምረዋል።

በአክሱምና በዙሪያዋ ከክረምት በኋላ ጎርፍ ካጠበው እርሻ መሐለቅ ለቅሞ ለጎብኚ መሸጥም የቆየ ነገር ነው። አገሪቱ በ1966 ስለ ጥንታዊ ቅርሶች አዋጅ አውጥታለች፤ በ2000 የቅርስ አዋጁ ዳግም ተደንግጓል። ሕጉ ቢኖርም መሐለቁን የሚያነሣው የሕፃን እጅ ነው፤ የሚጠይቀውም የጎብኚ ኪስ። ልጁን በወንጀለኛነት መመልከት ቀላል ነው፤ ከጎብኚው በፊት ደርሶ ስለ ነሐሱ የነገረው ሰው ግን ማን ነበር? የመማሪያ መጻሕፍትና የበዓል ትርኢቶች ከወርቁ ላይ ሲያተኩሩ፣ በመድረክ ላይ የሚወጣው የአክሱም ንጉሥ በወርቅ ብቻ ሲያብረቀርቅ፣ ልጁ ከእርሻ ያነሣውን አረንጓዴ ቁራጭ ከዚያ ንጉሥ ጋር የሚያገናኝበት መንገድ አይኖረውም።

የአካባቢው መምህር ሊያሳየው ይችላል። አንድ ደብተር ይበቃል፤ የእርሻው ስም፣ የተገኘበት ቀን፣ ከላይ ይሁን ከሥር፣ አብሮ የወጣ የሸክላ ስባሪ ካለ እርሱም። መሐለቁ ሳይታጠብና ሳይፋቅ በወረቀት ተጠቅልሎ ከነጽሑፉ ለሙዚየሙ ይሰጣል፤ የሙዚየሙም ሠራተኛ ነሐስ ነው ብሎ በሳጥን ውስጥ ከሌላው ጋር ሳይደባልቅ፣ ያገኘውን ልጅ ስም ጭምር በመዝገቡ ላይ ያሰፍራል።