የሰንጠረዥ ትርጓሜ ከመረጃ ቋቱ ራሱ ይወሰድ

በመረጃ ቋት ላይ የተመሠረተ የመመረቂያ ጽሑፍ የሰንጠረዦቹን አወቃቀር በሥዕል ብቻ ማቅረቡ በቂ አይደለም። ሥዕሉ የሚያሳየው በንድፉ ጊዜ የታሰበውን ነው፤ ሥራው ሲገፋ የተጨመረው ዓምድ፣ የላላው ገደብና የተለወጠው የመረጃ ዓይነት በሥዕሉ ላይ ላይኖሩ ይችላሉ። የትምህርት ክፍሎች በአባሪነት ሊጠይቁ የሚገባው ቋቱ ስለ ራሱ የያዘውን መግለጫ ነው።

ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1985 ካወጣቸው ደንቦች አራተኛው፣ የቋቱ መግለጫ እንደ ማንኛውም መረጃ ተቀምጦ በዚያው ቋንቋ ሊጠየቅ እንደሚገባ ይደነግጋል። እ.ኤ.አ. የ1992ቱ የኤስኪውኤል መስፈርትም ለዚሁ «ኢንፎርሜሽን ስኪማ»ን አካቷል። አፈጻጸሙ ግን ይለያያል። በማይኤስኪውኤል «ሾው ክሪኤት ቴብል» የሚለው ትእዛዝ ሙሉውን ትርጓሜ ይመልሳል፤ ኤስኪውላይት ሰንጠረዡ የተፈጠረበትን የትእዛዝ ጽሑፍ ያስቀምጣል፤ በፖስትግሬስኪውኤል የተለመደው መንገድ «ፒጂ ደምፕ» ያለ ረድፎቹ ትርጓሜውን ብቻ እንዲያወጣ ማዘዝ ነው። ኢንፎርሜሽን ስኪማን ብቻ የሚጠይቅ ተመራማሪ ግን ይጠንቀቅ፤ መስፈርቱ ኢንዴክስን አያካትትም፤ ጠያቂው ፈቃድ የሌለው ዓምድም አይታየውም። ጎደሎው መልስ የስህተት መልእክት ሳይሰጥ ሙሉ መስሎ ይመጣል።

በኢትዮጵያ ለሚሰበሰብ መረጃ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። ጥቅምት 30 ቀን 2016 ዓ.ም. በቁጥር 2016-02-30 ተብሎ ቢገባ፣ ፖስትግሬስኪውኤል «ዴት» በተባለው ዓምድ አይቀበለውም፤ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 30 የለምና። ጳጉሜንም 13ኛ ወር በመሆኗ ትመለሳለች። አደጋው በእነዚህ አይደለም፤ ያለ ተቃውሞ በሚገቡት በሌሎቹ ቀናት ነው። የ«ሲኤስቪ» ፋይል ብቻ የተረከበ ሌላ ተመራማሪ ዓምዱ የቀን ይሁን የጽሑፍ፣ አቆጣጠሩም የትኛው እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የመጀመሪያውን ትርጓሜው ይመልስለታል። ሁለተኛውን የሚመልስለት ግን የቋቱ ባለቤት በ«ኮሜንት» ትእዛዝ ከዓምዱ ጋር ያኖረው ማስታወሻ ነው፤ ይህም በማይኤስኪውኤልም ሆነ በፒጂ ደምፕ ከትርጓሜው ጋር አብሮ ይወጣል። አንድ መስመር ማስታወሻ መጻፍ የተናቀ ሥራ መሆኑ ያሳዝናል።

ትርጓሜን ማውጣት የቋቱን ደኅንነት ያጋልጣል የሚል ስጋት ይነሣል። በሥራ ላይ ላለ የባንክ ወይም የሆስፒታል ቋት ስጋቱ ተገቢ ነው፤ በዚያ የባለቤቱ ፈቃድ ይቀድማል። ለጥናት ብቻ ለተሠራ ቋት ግን ሚዛን አይደፋም፤ ትርጓሜው የማንንም ሰው ረድፍ አይዝምና።