ቁጥር የማያውቅ እጅ ሰፌድ አይሰፋም

ሒሳብ የደረቅ አእምሮ፣ ሥነ ጥበብ ደግሞ የለሰለሰ ልብ ሥራ ነው የሚል አባባል በተማረው ወገናችን ዘንድ ሥር ሰድዶ ይኖራል። ጁባ ውስጥ፣ ማላኪያ ገበያ አጠገብ፣ ከአንዲት የአገራችን ልጅ ቡና ቤት ተቀምጠን ሳለን ይኸው አባባል ተነሣ። አንድ ወዳጄ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሰፌድ እያየ፣ «ይህ ጌጥ ነው እንጂ ምን ጥበብ አለው? ሰፊዋ ፊደል እንኳ የቆጠረች አይመስለኝም» አለ። ሰፌዱን የሰፉት የባለቤቲቱ እናት ናቸው። ልጅቷ ሰምታ እንዳልሰማ ቡናዋን ቀዳች። እኔ ግን ዝም ልል አልቻልሁም።

እስቲ ሰፌዱን እናንብበው። ስፌት ከእምብርቱ ተነሥቶ እየተጠመጠመ ይሰፋል። ዝርግ በሆነ ሰፌድ ላይ እያንዳንዱ ዙር ከፊተኛው የሚረዝመው የጥምጥሙን ውፍረት 6 እጥፍ ከሩብ ያህል ነው። ሰፌዱ ይነስ ይትለቅ፣ ይህ ጭማሪ አይለወጥም። ስለዚህ ሰፊዋ በየዙሩ ልኩን ጠብቃ መጨመር አለባት። ጭማሪው ሲያንስ ሰፌዱ ይጎደጉዳል፤ ሲበዛ ዳሩ ይጨማደዳል። የመሶብ ክዳን ሽቅብ የሚነሣውም ጭማሪው ታስቦበት ሲቀነስ ነው። በአለላ ባለ 8 ጫፍ ኮከብ ለማውጣት ደግሞ ዙሩን ለ8 እኩል መክፈል ያስፈልጋል፤ አንዱ ክፍል ቢዛነፍ ኮከቡ አይገጥምም። ይህን ጂኦሜትሪ ካላልነው ምን እንበለው?

«ሰፊዋ ቀመሩን አታውቀውም» የሚል መልስ ይመጣል። ሰዋስው ያልተማረ ሁሉ አማርኛ አይችልም እንደ ማለት ነው! ቀመሩን በስሙ ባትጠራውም ወስፌዋ አይስተውም።

የላሊበላን ቤተ ጊዮርጊስ ያነጹት ጠቢባንም እንዲሁ ናቸው። በጣሪያው ላይ ሦስት መስቀሎች አንዱ በሌላው ውስጥ ተቀርጸዋል። ከአንድ ወጥ አለት ሲፈለፈል፣ አንዴ የተቆረጠ ድንጋይ ወደ ስፍራው አይመለስም፤ ልኩ ከመዶሻው መቅደም ነበረበት። አሜሪካዊው ሮን ኢግላሽ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ትንሹ ክፍል ትልቁን የሚመስልበት ቅርጽ በአፍሪካ መንደሮች አሠራርና በፀጉር ጉንጉን ውስጥ ሞልቶ እንደሚገኝ አሳይቷል። የገዛ ቤታችንን ሀብት ለማመን የሩቅ ሰው ምስክርነት መጠበቃችን ግን ያሳፍራል።

በእርግጥ ቁጥር ብቻውን ጥበብ አይሆንም። ቀዩን ከጥቁሩ ጎን ያዋለው የሰፊዋ ዓይን ነው እንጂ ቀመር አይደለም። ይሁን እንጂ ቁጥሩ ባይኖር ዓይኗ የሚያርፍበት ስፍራ ባላገኘ ነበር።

ነገሩ የክብር ብቻ አይደለም። ዛሬ የጥለት ሥዕል በማሽን የታተመበት ጨርቅ ገበያውን አጥለቅልቋል። ሥዕሉ አለ፤ ድርና ማጉን የቆጠረው ሸማኔ ግን የለም። ቆጠራው በእጅ ካልተላለፈ ከባለእጁ ጋር ይቀበራል። እዚህ ጁባ የሚያድጉ ልጆቻችን ሒሳብን የባዕድ ዕዳ አድርገው ሲሸሹት፣ ሰፌዱ ከራሳቸው በላይ ተሰቅሏል። የጎረቤቶቻችን የደቡብ ሱዳን ሴቶች የሚጠልፉት የአልጋ ልብስ፣ ሚላያ፣ ግራና ቀኙ ተመዛዝኖ በየቤቱ ተዘርግቷል።

ስለዚህ መምህራን ሰፌዱን ከግድግዳ አውርደው ለተማሪው ያስቆጥሩት። ዐውደ ርእይ የምታዘጋጁም «እደ ጥበብ» ብላችሁ ከጥግ ከማቆም ይልቅ እንደ ሠዓሊው ሁሉ የሰፊዋን ስም ጻፉበት። ወዳጄም ያን ቡና ቤት ደግሞ ሲረግጥ፣ ከቡናው በፊት የእኚያን እናት ስም ይጠይቅ።