የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት

የተማሪዎች ማኅበር ጋዜጣ ስለ እግር ኳስ የሚጽፍበት ምን ምክንያት አለው የሚሉ ወንድሞችና እኅቶች እንዳሉ እናውቃለን። አሳባቸውን እናከብራለን። ይሁን እንጂ የአንድ ሕዝብ ጠባይ በድል ቀን አይለይም። በድል ቀን ሁሉም ይጨፍራል፣ ሁሉም «እኔም ነበርሁበት» ይላል። ጠባይ የሚለየው ሲያሸንፉ ቆይተው ለጥቂት በተሸነፉበት ማግስት ነው። እኛም ዛሬ የተነሣነው ስለዚሁ ማግስት ልንጽፍ ነው። ቀኖቹን ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እናቀርባለን፤ በሌላ አቆጣጠር የሆነውን እንናገራለን።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ የሦስተኛውን የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ከተባበረችው ዐረብ ሪፑብሊክ፣ ማለት ከግብጽ ጋር ተጫወተች። ሁለት ጊዜ ተመርታ ሁለት ጊዜ አቻ ወጣች፤ መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 አለቀ። በተጨማሪው ግማሽ ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ ግብ አግብተው ጨዋታው 4 ለ 2 ተፈጸመ። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበሩ። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፤ ስለ አገራችን እግር ኳስ ወሬ በተነሣ ቁጥርም ይደገማል።

ከስድስት ዓመት በኋላ የሆነው ግን ብዙ አይነገርም። በጥር ወር 1960 ዓ.ም. ስድስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ እንደ ገና በአገራችን ተደረገ። የእኛ ምድብ አዲስ አበባ፣ ሁለተኛው ምድብ አሥመራ ላይ ነበር። ቡድናችን ጥር 3 ቀን ኡጋንዳን 2 ለ 1፣ ጥር 5 ቀን አይቮሪ ኮስትን 1 ለ 0፣ ጥር 7 ቀን አልጀሪያን 3 ለ 1 አሸነፈ። ሦስት ጨዋታ፣ ሦስት ድል፤ ስድስት ግብ አግብቶ የገባበት ሁለት ብቻ ነው። ከስምንቱ ተወዳዳሪዎች የምድቡን ጨዋታ በሙሉ ያሸነፈ ሌላ ቡድን አልነበረም። ዋንጫው እንደ ገና እዚሁ እንደሚቀር ያልጠረጠረ ሰው ቢኖር ጥቂት ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

ጥር 10 ቀን፣ የከተራ ዕለት፣ ቡድናችን ለግማሽ ፍጻሜ ከኮንጎ ኪንሻሳ ጋር ገጠመ። ዘጠናው ደቂቃ 2 ለ 2 አለቀ። በተጨማሪው ሰዓት አንዲት ግብ ተቈጠረች፤ እርስዋም የኮንጎ ነበረች። 3 ለ 2። ከሁለት ቀን በኋላ ለሦስተኛ ደረጃ በተደረገው ጨዋታ፣ በምድቡ ያሸነፍናት አይቮሪ ኮስት 1 ለ 0 አሸነፈችን። ኮንጎ ጋናን 1 ለ 0 ረትቶ ዋንጫውን ይዞ ሄደ። ያ በ1954 ዋንጫ የሰጠን ተጨማሪ ግማሽ ሰዓት በ1960 ዋንጫ ነሣን።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ምክንያት አይጠፋም። ድካም ነው የሚል ይኖራል፤ በእርግጥም ቡድናችን በስምንት ቀን ውስጥ አራተኛ ጨዋታውን ይጫወት ነበር። ነገር ግን ኮንጎም ሦስት የምድብ ጨዋታዎችን አሥመራ ላይ ጨርሶ፣ የመንገዱንም ድካም ጨምሮ ነው የመጣው። የአዲስ አበባ ደጋ አየር እንግዳን ያስቸግራል፣ ለእኛም ያግዛል የሚል ካለ፣ አሥመራም ደጋ ናት፤ ኮንጎዎች ከፍታውን እዚያው ለምደውት ነበር። ዕድል ነው የሚለውንም አንክድም፤ ኳስ ክብ ናትና በአንድ ግብ የሚለያዩ ቡድኖች ዘንድ ዕድል የራሱ ድርሻ አለው። እንግዲህ ስለዚያች ስለ አንዲቱ ግብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ መጻፍ ባላስፈለገ ነበር።

ዋናው ነገር ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በ1962 ዓ.ም. ሱዳን ላይ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ቡድናችን ሦስቱንም ጨዋታ ተሸነፈ። ከሁለት ዓመት በፊት 1 ለ 0 ያሸነፍናት አይቮሪ ኮስት 6 ለ 1 አሸነፈችን፤ ከስድስቱ አምስቱን ያገባው ሎራን ፖኩ የሚባል አንድ ተጫዋች ነበር። በ1968 ዓ.ም. ውድድሩ ለሦስተኛ ጊዜ በአገራችን ሲደረግ ከምድባችን አላለፍንም። በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ ላይም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ 31 ዓመት ሙሉ በአፍሪካ ዋንጫ ላይ ስማችን አልተጠራም። ለጥቂት አሸንፎን የሄደው ኮንጎ ግን በ1966 ዓ.ም. ዛየር በሚል ስም ዋንጫውን ለሁለተኛ ጊዜ ወሰደ፤ በዚያው ዓመት ከሰሐራ በታች ካሉት አገሮች የመጀመሪያው ሆኖ የዓለም ዋንጫ ተጫወተ። ጥር 10 ቀን በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት አንዲት ግብ ነበረ። በስድስት ዓመት ውስጥ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ያህል ሆነ። ይህን ልዩነት የፈጠረችው ያቺ አንዲት ግብ ናት ልንል አንችልም።

አሁን ደግሞ እኛ ራሳችን በልጅነታችን ወዳየነው እንለፍ። በ2004 ዓ.ም. ለ2014ቱ (እ.ኤ.አ.) የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ተጀመረ። በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚመራው ቡድናችን ደቡብ አፍሪካ ላይ 1 ለ 1 ተለያየ፤ ማዕከላዊ አፍሪካን 2 ለ 0፣ ቦትስዋናን በሜዳችን 1 ለ 0፣ በሜዳዋም 2 ለ 1 አሸነፈ። ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. ደግሞ ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 ሲያሸንፍ ምድቡን ማለፉ የተረጋገጠ መሰለ፤ በየከተማውም ሕዝቡ በደስታ ወጣ። ደስታው ሳይበርድ ሌላ ወሬ ተሰማ። ቦትስዋና ላይ በተደረገው ጨዋታ በሁለት ቢጫ ካርድ ምክንያት መታገድ የነበረበት ተጫዋች ተሰልፎ ነበር። የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑም ስሕተቱን አመነ። ውጤቱ ተሰርዞ ለቦትስዋና 3 ለ 0 ተሰጠ፤ እኛም ሦስት ነጥብ አጣን።

ልብ ይባል፤ ይህ ቡድን በምድቡ ስድስት ጨዋታ ተጫውቶ ሜዳ ላይ አንድም አልተሸነፈም። አምስት ጊዜ አሸንፎ አንድ ጊዜ ብቻ አቻ ወጥቷል። በምድቡ ያሸነፈው አንድ ነገር ቢኖር መዝገብ ነው። በአንድ ደብተር ላይ አንድ መስመር የሚጽፍ፣ ከጨዋታ በፊት ያን ደብተር ገልጦ የሚያነብ አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ ሦስቱ ነጥብ ባልጠፋ ነበር። ደግነቱ ጳጉሜን 2 ቀን ብራዛቪል ላይ ማዕከላዊ አፍሪካን እንደ ገና 2 ለ 1 አሸንፎ በ13 ነጥብ ምድቡን በአንደኝነት አለፈ፤ ደቡብ አፍሪካ 11 ነበራት።

የመጨረሻው ተጋጣሚ ናይጄሪያ ሆነ። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በኃይሉ አሰፋ ቀድሞ አገባ። ናይጄሪያዎች አቻ አደረጉ፤ ሊያልቅ ሲል ደግሞ በፍጹም ቅጣት ምት ሁለተኛውን አገቡ። ኅዳር 7 ቀን ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተሸነፍንና ብራዚል መሄዱ ቀረ። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በአገር ውስጥ ተጫዋቾች በሚደረገው የአፍሪካ ውድድር ሦስት ጨዋታ ከተሸነፍን ወዲህ፣ አገሪቱን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ፣ ቀጥሎም የዓለም ዋንጫ ደጃፍ ያደረሰው አሠልጣኝ ተሰናበተ። በእርሱ ቦታ የውጭ አገር ሰው መጣ፤ እርሱም ብዙ ሳይቆይ ተሰናበተ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል ይባላል። እኛ አገር ግን ምሳሩ የሚመዘዘው ግንዱ ገና ሲዘም ነው።

ሌሎችስ እንዴት ያደርጋሉ? አውስትራሊያውያን በእጅም በእግርም የሚጫወቱት የራሳቸው የሆነ እግር ኳስ አላቸው። በ1999 እ.ኤ.አ. ኤሰንደን የሚባለው የሜልበርን ክለብ ከ22 መደበኛ ጨዋታዎች 18ቱን አሸንፎ አንደኛ ሆነ። ነገር ግን ለፍጻሜ ለማለፍ ከካርልተን ጋር ሲጋጠም 104 ለ 103 ተሸነፈ። በዚያ ጨዋታ አንድ ነጥብ ማለት ኳሷ ከዋናው ግብ ምሰሶ ጥቂት ወደ ጎን ስታልፍ የሚሰጥ ነው። ዓመት ሙሉ የተለፋበት በዚያች ቀረ። አሠልጣኙ ኬቨን ሺዲ ግን አልተባረረም፤ ቡድኑም አልፈረሰም። በማግስቱ ዓመት ያው ክለብ ከ25 ጨዋታ 24ቱን አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ሺዲ በዚያ ክለብ 27 የውድድር ዘመን አሠልጥኗል። በአንጻሩ በ1954 እ.ኤ.አ. በዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የተሸነፈውን የሃንጋሪ ቡድን እናስታውስ። አራት ዓመት ያልተሸነፈ፣ ምዕራብ ጀርመንን በምድቡ 8 ለ 3 ያሸነፈ ቡድን ነበር፤ በፍጻሜው 2 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ በዚያችው ጀርመን 3 ለ 2 ተረታ። ከሁለት ዓመት በኋላ በአገሪቱ በተነሣው ሁከት ተጫዋቾቹ ተበተኑ፤ ሃንጋሪም ከዚያ ወዲህ ለዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ደርሳ አታውቅም። ለጥቂት መሸነፍ ለአንዱ የድል ዋዜማ፣ ለሌላው የመጨረሻ ቀን ሆነ።

ነገሩን ከሩቅ አገር ብቻ መማር አያስፈልገንም፤ እዚሁ በደጃችን ምሳሌ አለ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። በዓድዋ ዘመቻ ከአባቶቻችን ጋር የዘመቱትን ፈረሶች ለማሰብ ጥር 23 ቀን፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፣ በዓሉን ያከብራል። ማኅበሩ ስንት መንግሥት ሲለዋወጥ አይቶ ዛሬም በሕይወት አለ። ከዳንግላም ከእንጅባራም ከየገጠሩም የሚመጣውን ፈረሰኛ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፤ በሽምጥ ግልቢያ የተቀደመ ባላገር ፈረሱን ወደ ገበያ አይነዳም። ወደ ቤቱ ወስዶ ገብሱን ይጨምርለታል፣ ኮርቻውንና ልጓሙን ያስተካክላል፣ ለሚመጣው ጥር ያዘጋጀዋል። ልጁም አጠገቡ ሆኖ ያያል፤ እንዲህ እያለ ዕውቀቱ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ተረት ባላገሩ ከእኛ ይበልጥ ያውቀዋል።

በተማሪ ቡድኖች ዘንድ የሚታየው ከዚህ የራቀ ነው። የአንድ ትምህርት ክፍል ቡድን ዓመቱን ሲያሸንፍ ከርሞ በፍጻሜው ዕለት ቢሸነፍ፣ በማግስቱ ማሊያው ይበተናል፣ አምበሉ ይሰደባል፣ ዳኛው ይታማል። ተጫዋቾቹም ተመርቀው ሲሄዱ የሚያውቁትን ይዘውት ይሄዳሉ። በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣው አዲስ ተማሪ አምና ማን ከማን ስንት ለስንት እንደ ወጣ ቢጠይቅ የሚመልስለት አያገኝም። የፌዴሬሽንን መዝገብ አያያዝ በሻይ ቤት ስንተች፣ የራሳችን መዝገብ የት እንዳለ መጠየቅም ተገቢ ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን ጉባኤ ሦስት አሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፤ አንድ ደብተር ይገዛ። የእያንዳንዱ ጨዋታ ቀን፣ ውጤት፣ የተሰለፉት ስም፣ የተሰጠው ካርድ ይጻፍበት፤ ደብተሩም ከአንዱ ኮሚቴ ወደ ሌላው በፊርማ ይተላለፍ። ዋጋው ከአንድ ኳስ ያነሰ ነው። ሁለተኛ፤ የተሸነፈ ቡድን አምበልና አሠልጣኝ ቢያንስ አንድ ዓመት እንዲቈዩና ከታችኛው ዓመት ተማሪዎች ተተኪ እንዲያሰናዱ ይደረግ። ሦስተኛ፤ ከፍጻሜ ጨዋታ በኋላ በአንድ ሳምንት ውስጥ ያሸነፈውም የተሸነፈውም በአንድነት ተቀምጦ ጨዋታውን ይመርምር። ስብሰባው ለክስ አይሁን፤ ምን እንደ ጎደለ ለማወቅ ይሁን።

ይህ ትንሽ ነገር ነው የሚል ቢኖር እውነቱን ነው። የጠፉት ሦስት ነጥቦችም የጠፉት በትንሽ ነገር ነበር። ከእኛ መካከል ነገ የመሥሪያ ቤት ኀላፊ፣ መምህር፣ ሐኪም፣ ምናልባትም የስፖርት መሪ የሚሆን አለ። የሚመራው ሥራ አንድ ቀን ለጥቂት ሳይሳካ ይቀራል፤ ይህ የማይቀር ነው። ያን ጊዜ ምሳር ይመዝዝ ወይስ ደብተሩን ይገልጥ የሚለው ልማድ የሚበጀው ዛሬ፣ በዚህ በብርዳሙ በእንጅባራ ሜዳ ላይ፣ በጥቂት ሰዎች መካከል ነው። ጉባኤው በሚቀጥለው ስብሰባ አሳቡን በአጀንዳው እንዲይዝልን በአክብሮት እንጠይቃለን።